የጣና ነፋስ

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ጧት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያናውጠዋል።

በ1975 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በመርከብ ሄድኩ። እናቴ እዚያ ታማ ተኝታ ነበር። መድኃኒቷን ይዣለሁ።

መርከቧ ደቅ ደሴት ቆማ እህል ጫነች። ሰው ወረደ፤ ሰው ተሳፈረ። ማታ ቁንዝላ አደርን። በማግስቱ ነፋሱ ከጧት ጀምሮ በረታ። መርከቧም ሁለት ቀን ሙሉ ቆመች። ልቤ ተንጠለጠለ።

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሽማግሌ ጭንቀቴን አዩና፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ ከነአንተ ከሰመጠ እናትህን ማን ያድናታል?» አሉኝ። ቆሏቸውንም አካፈሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ሐይቁ ረጋ። ጎርጎራ ደረስን። እናቴ መድኃኒቷን ዋጠች፤ ውላ አድራ ዳነች።

የሐይቅ መንገድ ቀጠሮ የለውም። ስንቅ ጨምሮ መያዝ፣ ነፋሱንም መታገሥ ይበጃል።