የ«ትንሹ ልዑል» አንባቢዎች፤ ከኒው ዮርክ እስከ ጨፋ

«ትንሹ ልዑል» የልጆች መጽሐፍ ነው ወይስ የአዋቂዎች በሚለው ላይ አንባቢዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተስማሙም። ፈረንሳዊው አብራሪ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ የጻፈው ሀገሩ በጀርመን ተይዛ እርሱ አሜሪካ በተሰደደበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ኒው ዮርክ ላይ የታተመው በኤፕሪል 1943 እ.ኤ.አ. ነበር። ደራሲው በተከታዩ ዓመት ጁላይ 31 ለቅኝት በረራ ተነሥቶ አልተመለሰም። መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ ከነበሩት ገምጋሚዎች ብዙዎቹ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸዋል። የ«ሜሪ ፖፒንስ» ደራሲ ፒ. ኤል. ትራቨርስ ግን የልጆች መጽሐፍ ሊኖረው የሚገባው ሁሉ እንዳለው ጻፈች።

ታሪኩን በአጭሩ መናገር ይቻላል። አውሮፕላኑ ሰሃራ ላይ የተበላሸበት አብራሪ ከአንዲት ትንሽዬ ፕላኔት የመጣ ልጅ ያገኛል። ልጁ በጽጌረዳው ተከፍቶ ከቤቱ ወጥቷል፤ ስድስት ፕላኔቶችን ጎብኝቶ፣ በየአንዳንዳቸው አንዳንድ ብቸኛ አዋቂ አይቶ፣ በሰባተኛው ምድር ላይ ደርሷል። ጀብዱ ፈልጎ የመጣ አንባቢ እዚህ ላይ ይሰለቻል። ውጊያ የለም፣ ድል የለም፤ ያለው መንገድ፣ ጨዋታና ናፍቆት ነው። ሌላው አንባቢ መጽሐፉን የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንስሳት የሚናገሩበት ተረት አንባቢን ሲከፋፍል በኢትዮጵያም ታይቷል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። መነሻቸው የላ ፎንቴን ተረቶች፣ ማለትም የፈረንሳይ ተማሪዎች በቃላቸው የሚያጠኗቸው ግጥሞች ነበሩ። በመድረክ ላይ ሲቀርብ መኳንንቱ የሰሙት ግን የልጆች ተረት አልነበረም፤ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፣ ንግሥት ዘውዲቱም ከለከሉት። ተመልካቾቹ በአንድ በኩል አልተሳሳቱም፤ ተክለ ሐዋርያት የአስተዳደሩን ብልሹነት መንቀፋቸው እውነት ነበር። ሆኖም ትችቱን ብቻ የያዘ ሰው የተረቱን ውበት ጥሎታል።

ከተረት መልእክቱን ብቻ የመያዝ ልማድ «ትንሹ ልዑል»ን በአማርኛ የሚያነብ አዋቂም ላይ ይሠራል። ቅኔ ያሳደገው አንባቢ ሰሙን አልፎ ወርቁን ለመያዝ ይቸኩላል። ንጉሡ ሥልጣን ነው፣ ከዋክብት የሚቆጥረው ነጋዴ ስግብግብነት ነው፣ ልጁ ምድር ላይ የሚያገኘው ቀበሮ ወዳጅነት ነው ይልና መጽሐፉን ይዘጋል። ትርጉሙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ ሲነበብ ይደርቃል። ልጅ በሰሙ ላይ ይቆያል። ቀበሮው ለእርሱ በመጀመሪያ ቀበሮ ነው። ደራሲው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ዝሆን የዋጠ ዘንዶን ሥዕል አዋቂዎች ባርኔጣ ነው እንዳሉት የሚተርከው ለዚህ ነው።

በወሎ በሚገኘው የጨፋ ሸለቆ ደግሞ ሰሙ ራሱ ክብደት አለው። የከሚሴን ከተማ ከብቦ ያለው ረግረግና የቦርከና ወንዝ በበጋ ከአፋር ቆላ ከብትና ግመል እየነዱ ለሚመጡ አርብቶ አደሮች መጠጊያ ነው። አብራሪውና ልጁ ሌሊቱን ተጉዘው ጉድጓድ የሚያገኙበት ምዕራፍ ለከተማ አንባቢ ምሳሌ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ውኃ ፍለጋ ቀናት ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ኑሮ ነው። ናፍቆቱም እንግዳ አይሆንም። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው በሾንኬ የአርጎባ መንደር እንደሚሰማው የወሎ መንዙማ፣ በዓይን ያልታየን ወዳጅ በዜማ መናፈቅ ከልጅነት የሚሰማ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ጆሮ የመጽሐፉ ዝግታ ጉድለት ሊመስል አይገባም። እንቅፋቱ ሌላ ነው፤ ይህን አካባቢ በያዘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞና በቁቤ ስለሚሰጥ ለብዙ ልጆች የአማርኛው ትርጉም በሁለተኛ ቋንቋ የቀረበ ነው። የተረቱን ዜማ ለማስተላለፍ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም እያነበበ በቤት ቋንቋ ቢተርክ ከዝምታ ንባብ ይሻላል።

ትልቁ ክርክር በመጨረሻው ላይ ነው። ልጁ ወደ ፕላኔቱ ለመመለስ ለእባብ ንድፊያ ራሱን ይሰጣል፤ በማግሥቱ ንጋት ሥጋው አይገኝም። አንዳንድ ወላጆች ይህ ለልጅ ከባድ ነው ይላሉ፣ ፍርሃታቸውም መናቅ የለበትም፤ ሞት ወደ ቤት መመለሻ መንገድ ተደርጎ እንዳይታይ አብሮ መነጋገር ያስፈልጋል። ሌሎች ልጁ ቤቱ ገብቷል ብለው ያምናሉ። መጽሐፉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። አብራሪውን ግን ሌላ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሣዋል። ልጁ ለወሰደው በግ የአፍ መሸፈኛ ሲሥልለት ማሰሪያውን ጠፍር ረስቷል፤ ስለዚህ በጉ ጽጌረዳዋን በልቷት ይሆን? ወርቅ ፈላጊው አዋቂ ይህን እንደ ትንሽ ጣጣ ያልፈዋል። ከበግ ኋላ ለዋለ እረኛ ልጅ ግን ከታሪኩ ሁሉ የሚያስጨንቀው ይህ ጥያቄ ነው፤ ያልታሰረ በግ ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና።