የጡረተኛው ኮት

ጡረታ የሚለው ቃል የተገኘው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው፤ መጦርም ያረጀውን ወላጅ መመገብና መደገፍ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹን ያሳደገ፥ ወላጆቹንም የጦረ ሰው እርሱ ራሱ ጡረተኛ ተብሎ ሲጠራ ቢከፋው ልንፈርድበት አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 1267 መደበኛውን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት አድርጎታል። ስለ አበሉ ብዙ ይዘረዝራል፤ ጡረተኛው በማግስቱ ማለዳ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አንቀጽ ግን የለውም።

በአምቦ የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን የነበሩት አዛውንት በተሰናበቱ ማግስት እንደ ልማዳቸው በሁለት ሰዓት ተኩል ከበራችን ደረሱ። ዘበኛው ተነሥቶ እጅ ነሣ። እንደ ባለጉዳይ ጥቂት ቆመው፥ «ወደ ፍል ውሃው ስሄድ ነው» ብለው አለፉ። ፍል ውሃው ግን በሌላው አቅጣጫ ነው። እንዲህ ሲመላለሱ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ እኛም በወንበራቸው ላይ ተቀምጠን በመስኮት እያየን እንስቅ ነበር። ዛሬ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

በጉደርና በጌዶ ዙሪያ ያለ ገበሬ 60 ዓመት ሞላኝ ብሎ ቁልፍ አያስረክብም። ጉልበቱ ሲደክም ዕርፉን ለልጁ አስጨብጦ፥ እርሱ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ይመክራል፤ የሚጠይቀውም አያጣም። እኛ ግን ቁልፉን ስንረከብ አንድ ነገር እንኳ አልጠየቅናቸውም።

በኋላ የአንድ የግንጪ ባለጉዳይ አሮጌ መዝገብ ጠፋብን። ከቤታቸው ሄደን፥ «ጋሼ፥ ያለ እርስዎ አልሆነልንም» አልናቸው። መዝገቡ ያለበትን መደርደሪያ እዚያው ተቀምጠው ሊነግሩን ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን «ቆዩኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ኮታቸውን ለብሰው፥ ክራባታቸውን አስረው ወጡ።