«ልጄ፣ መጀመሪያ ቡናሽን ጠጪ!»

ጉርሻ ደስ ይላል አይደል? አፉን ላልከፈተ ሰው ሲሆን ግን ልብስ ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም። እኔ እምነቴን እንደዚያ ለማጉረስ የሞከርኩበትን ጊዜ ላጫውታችሁ። ብትስቁብኝም አልቀየምም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጌታን ከተቀበልኩ ስድስት ወር አልሞላኝም። ሳቢያን ውስጥ ያላስቸገርኩት ሰው አልነበረም። ባጃጅ ከያዝኩ ከዚራ እስክደርስ ሾፌሩን እሰብካለሁ። ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ ጥላ ፍለጋ የሚሄደውን የጎረቤት ልጅ አስቁሜ ስለ ሲኦል እነግረዋለሁ... በዚያ በድሬ ፀሐይ! «አቦ፣ ከዚህ የባሰ ይሞቃል እንዴ?» ብሎኝ አለፈ።

እሱስ ሳቀ። ያልሳቀችው ጎረቤታችን ናት። ስሟ ይቆየን። (እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንምና «እሷ» ስላት ንቀት እንዳይመስላችሁ።) ኦርቶዶክስ ናት። ልጅ ሳለሁ እናቴ ገበያ ስትሄድ የምውለው እሷ ጋ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ጠራችኝና ገና አቦሉ ሳይቀዳ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። «እግዚአብሔር የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው፤ አንቺ ግን በደንብ አታውቂውም» አልኳት።

ጀበናውን አስቀመጠች።

«ደቻቱ ልጄን የወሰደውም ለበጎ ነው?»

ክው አልኩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው መጨረሱን እንደማንኛውም የድሬ ልጅ አውቃለሁ። እሷም ያኔ ወንዙ ዳር ትኖር እንደነበርና ልጅ እንደሞተባት እሰማ ነበር። አንድም ቀን ግን ቁጭ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

«ያኔ አንዱ ቅጣት ነው አለኝ፣ ሌላው ፈተና ነው አለኝ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ ግን ምንም አላለችኝም። ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ አለቀሰች። እስከዛሬ የማልረሳው የእሷን ነው። ልጄ፣ መጀመሪያ ቡናሽን ጠጪ።»

ቡናው እንዴት እንደወረደልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። እኔ ደግሞ ብሼ «ስለ ጌታ ተገፋሁ» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የተገፋሁት ስለ ጌታ ሳይሆን ስለ አፌ ነበር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፤ ዘሎ ግን አልወጣበትም። የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውየው ራሱ ሲለምነው ነው። እኔ ግን ሳልጋበዝ ስንት ሠረገላ ላይ ዘለልኩ፣ ባጃጁን ጨምሮ!

ከተማችንንም እንወቃት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ100 የድሬዳዋ ነዋሪ 70 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር፤ ፕሮቴስታንቱ 3 አይሞላም። አጠገባችን ያለው ሰው የራሱ ጾም፣ የራሱ ጸሎት አለው። ባዶ ዕቃ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የማመንና የማስተማር መብት ሲሰጠን ማስገደድን ከልክሏል።

እንደኔ ልባችሁ የሚቃጠል ልጆች፣ ዝም በሉ እያልኩ አይደለም። ከመናገራችሁ በፊት ግን ጠይቁ፣ ስሙ። «ዛሬ ይቅርብኝ» ካሏችሁ ተዉት። ልቅሶ ቤት ደግሞ መቀመጫ እንጂ መስበኪያ አይደለም።

እኔስ? አንድ ቀን መጽሐፍ ሳይሆን ስኳር ይዤ ደጇን አንኳኳሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስለ ልጇም ጠየቅኋት። በረካው እስኪቀዳ ስለ እሱ አወራችልኝ፣ እኔም ሰማሁ። እምነቷን አልቀየረችም። ስትሸኘኝ ግን በሩ ላይ እጄን ያዝ አደረገችና «ስትጸልዪ እኔንም አስቢኝ» አለችኝ።

ሳልለምናት!