የቡችላው ጉርሻ

ከወንዛዬ ፍል ውሃ ስመለስ ወረታ እህቴ ቤት አደርኩ። የልጅ ልጇ ቡችላውን «ቁጭ በል» እያለ ያስተምራል፤ ሽልማቱ ወጥ የነካው እንጀራ ነው።

ፎገራ በክረምት ሩዝ፣ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት ያበቅላል። ሩዙ ለውሻ ይስማማል፤ ሽንኩርት ግን ቢበስልም ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል። ስለዚህ ከልጁ ጋር ሌላ ጉርሻ ሠራን፦ ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝ በእንቁላል ለውሰን፣ ሽምብራ አሳክለን አድበለበልነው፤ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ አብስለን አደረቅነው። ቡችላው ቁጭ ሲል ወዲያው አንዲት ፍሬ ይጎርሳል።

ማታ እህቴ የወጥ ትርፍራፊ ልትሰጠው ስትነሣ ልጁ «እምዬ፣ ሽንኩርት አለበት!» ብሎ እጇን ያዘ። አሁን ለቡችላው የሚሆነው እፍኝ ሩዝ ቀድሞ ይለያል።