14 ነው ወይስ 15?

ባለፈው ወር አንዲት የልጅነት ጓደኛችን አርፋ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተጠጋግተን የተቀመጥነው ሰባት ሰዎች ሁላችንም 60 የደፈንን፣ ሁላችንም በልጅነታችን ኩባ ተልከን ያደግን ነን። አሁን አሁን ከለቅሶ ሌላ የሚያገናኘን የለም። ስንገናኝ ደግሞ ሳይታወቀን ወደ እስፓኒሽ እንገባለን፤ ለቀስተኛው ዞር ብሎ ሲያየን ነው የምንደነግጠው።

ያን ቀን አንደኛው ጓደኛችን የጎረቤቱ ልጅ ኩባ ደርሶ መመለሱን እያወራን፣ «አርቴሚሳ የሚባል ክፍለ ሀገር ነው የሰነበተው» አለ።

«አርቴሚሳ ከተማ ነው እንጂ ክፍለ ሀገር አይደለም» አልኩት።

«ክፍለ ሀገር ነው እኮ ነው የምልሽ።»

«14ቱን ልቁጠርልህ?»

ቆጠርኩለት። የጂኦግራፊ መምህራችን እንዳስጠናችን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ በጣቴ እያጠፍኩ፦ ፒናር ዴል ሪዮ፣ ላ ሀባና፣ የሀቫና ከተማ፣ ማታንሳስ፣ ቪያ ክላራ፣ ሲየንፉዌጎስ፣ ሳንክቲ ስፒሪቱስ፣ ሲየጎ ዴ አቪላ፣ ካማጉዌይ፣ ላስ ቱናስ፣ ኦልጊን፣ ግራንማ፣ ሳንቲያጎ ዴ ኩባ፣ ጓንታናሞ። አንድም አልሳትኩም። (ግራንማ የተባለው ፊደል ካስትሮንና ጓዶቹን እ.ኤ.አ. በ1956 ከሜክሲኮ ባመጣችው ጀልባ ስም ነው። በእንግሊዝኛ «አያቴ» ማለት መሆኑን ስሰማ ለስንት ቀን ስስቅ ነበር። አሁን እኔም አያት ሆንኩ።)

ጓደኛችን መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን አወጣና መነጽሩን ፈልጎ አነበበ። 15 ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2011 ጀምሮ፣ ዋና ከተማዋን ዙሪያዋን ከብቦ የነበረው የላ ሀባና ክፍለ ሀገር ለሁለት ተከፍሏል። የምዕራቡ አርቴሚሳ፣ የምሥራቁ ማያቤኬ ተብለዋል። አርቴሚሳ ከፒናር ዴል ሪዮም ቆርሶ ወስዷል። ላ ሀባና የሚለው ስም ለከተማዋ ብቻ ቀረ።

እኔ እንደ ጸሎት በቃሌ የያዝኩት ካርታ ካረጀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ እኔን ግን እንደማልቀስ አደረገኝ። ለቅሶ ቤት ስለሆንኩ ማንም ልብ አላለኝም።

ሰው ለምን በክፍለ ሀገር ቁጥር ሆድ ይብሰዋል ትሉኝ ይሆናል። በ1971 ዓ.ም. ከአገሬ ስወጣ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ወድቋል። ያኔ ኢትዮጵያም 14 ክፍለ ሀገር ነበራት። ኩባ ስንደርስ የእነሱም 14 መሆኑን ስንሰማ ሕፃናት ነንና በጣም ደስ አለን፤ የአገራችን መንታ ያገኘን መሰለን። ማታ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ አንዷ የኢትዮጵያን፣ አንዷ የኩባን ክፍለ ሀገር እየተቀባበልን እንጠራ ነበር። የኢትዮጵያው 14 እኔ በተመለስኩ ሰሞን ፈረሰ። የኩባው ግን እዚያው የተውኩት ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር።

እኛን ያሳደገችን ደሴት ደግሞ ከ14ቱ በአንዱም ውስጥ አልነበረችም። ከትልቋ ኩባ በስተደቡብ፣ ባታባኖ ከሚባል ወደብ ጀልባ ተይዞ የሚኬድባት፣ ከተማዋ ኑዌቫ ሄሮና የምትባል ደሴት ናት። ስሟ የጥድ ደሴት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት ተባለች። እውነትም የወጣት አገር ነበረች። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያ የመጡ ልጆች በየእርሻው መሐል በተሠሩ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ። እስከ ዛሬ የግሬፕ ፍሩት ሽታ ሲመጣብኝ ወገቤን ያመኛል።

ስለ አስተዳደር የተማርነውን የማስታውሰው በመምህራችን አንድ ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኩባ ስድስቱን አሮጌ ክፍለ ሀገራት ወደ 14 ስትሸነሽን፣ በክፍለ ሀገርና በወረዳ መሐል የነበረውን እርከን ሰረዘችው አለችን። ወረዳውን እነሱ ሙኒሲፒዮ ይሉታል። እኛ ያደግነው በቀበሌ፣ በወረዳ፣ በአውራጃ፣ በክፍለ ሀገር ነው። «አውራጃውን ሰረዙት!» አለ አንዱ ልጅ በአማርኛ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ መምህርቷ ካርታው ላይ ደሴታችንን በጣቷ ነካችና፣ «ይቺ ደግሞ ክፍለ ሀገርም የላትም። ልዩ ሙኒሲፒዮ ናት። በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ነው የምትጠየቀው» አለች።

ሕፃን ልጅ ይህን ሰምቶ ምን ይገባዋል? የገባኝ በ1973 ዓ.ም. ነው። ከጎኔ የምትተኛ የጎጃም ልጅ ሆዷን ታመመች። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ኑዌቫ ሄሮና ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ግን ቁስሉ መግል ያዘና ትኩሳቷ አልወርድ አለ። በዚያው ሌሊት በአውሮፕላን ሀቫና ወሰዷት። ጠዋት አልጋዋ ባዶ ሆኖ ሳይ የሞተች መስሎኝ ጮኬ አለቀስኩ። የትምህርት ቤታችን ነርስ ጎኔ ተቀምጣ፣ ከዚህ ደሴት በላይ ያለው ሀቫና ብቻ ነው፣ መሐል ላይ ፈቃድ የሚጠየቅ የለም አለችኝ። ጓደኛዬ ከአንድ ወር በኋላ ወፍራ ተመለሰች። ባለፈው ወር የቀበርናት እሷን ነው። አራት ልጆች ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ።

ነርስ ለመሆን የወሰንኩት ያኔ ይመስለኛል። ዲፕሎማዬን ለመማር ማታንሳስ ተላክሁ። በ1978 ዓ.ም. ለልምምድ የተመደብኩት የቤተሰብ ሐኪም ቤት ነበር። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ አዲስ ነገር ነው፤ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ወደ 120 ቤተሰብ ይዘው እዚያው ሰፈር ይኖራሉ። ከነሱ በላይ ፖሊክሊኒኩ አለ፣ ከዚያ የወረዳው ጤና፣ ከዚያ የክፍለ ሀገሩ። የጤናው መሰላል ከአስተዳደሩ መሰላል ጋር ደረጃ በደረጃ ይገጥማል።

አንድ ምሽት ሐኪሟ «ነይ፣ ዴሌጋዶው ሊጠየቅ ነው» ብላ ስብሰባ ይዛኝ ሄደች። ዴሌጋዶ ማለት ሰፈሩ በወረዳው ምክር ቤት የሚወክለው ሰው ነው። ነዋሪው ራሱ በሰፈር ስብሰባ እጅ አውጥቶ ይጠቁማል፤ ቢያንስ ሁለት ዕጩ መኖር አለበት፤ ከዚያ በምስጢር ድምፅ ይመረጣል። ያኔ ዘመኑ ሁለት ዓመት ተኩል ነበር። ደመወዝ የለውም፣ የራሱን ሥራ እየሠራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ በመረጡት ሰዎች ፊት ቆሞ ምን እንደሠራ ይናገራል፤ ካልተደሰቱበት ሊያነሱት ይችላሉ።

የኛው ሰፈር ዴሌጋዶ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። መንገድ ላይ መብራት ሥር ወንበር ተደርድሮ፣ ሰውየው ደብተር ይዞ ቆመ። ደብተሩ ላይ ባለፈው ስብሰባ የተነሳው አቤቱታ ሁሉ በቁጥር ተጽፏል። ቁጥር አራት ላይ ሲደርስ፣ የፈነዳ የውኃ ቱቦ ነበር፣ አንዲት አሮጊት ተነሱ። ውኃው መንገዱ ላይ ተኝቶ ትንኝ እያራባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በደንጊ ወረርሽኝ ኩባ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ታሞ 158 ሞቷል፤ ከነዚህ 101ዱ ሕፃናት ነበሩ። እኚያ ሴት ይህን ረስተው አያውቁም። «ባለፈውም ዕቃው አልመጣም አልከን። ዛሬም አልመጣም ልትለን ነው?» አሉት። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ወረዳውን ሁለት ጊዜ ጠይቆ በጽሑፍ ያገኘውን መልስ አነበበ። ሴትየዋ ሰምተው፣ «እንግዲያው የፈረመውን ሰው ይዘኸው ና» ብለው ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበ።

እንዳታስቡኝ፣ ኩባን ገነት ነው ልላችሁ አይደለም። ፓርቲው አንድ ነው። ስለ ቱቦው በቁጣ የተናገሩት ሴት ስለ ሌላ ነገር እንዲያ መናገር እንደማይችሉ እኔም እሳቸውም እናውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በየብሎኩ የተቋቋመው የአብዮት መከላከያ ኮሚቴ ሕፃናትን ለፖሊዮ ክትባት ቤት ለቤት ሲጠራ የሚያስመሰግን ነበር፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደዋለም ያይ ነበር። የደርግን ቀበሌ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው ያቺ ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ የሚጠየቀው ሰው ዳቦ ሰልፍ ላይ ከጠያቂዋ ኋላ የሚቆም መሆኑ።

በ1979 ዓ.ም. ተመለስኩ። በብዙ ቦታ ሠራሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ግን ከሁሉም ይበልጥ አብሮኝ ይኖራል።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት አንድ ሰው በዝናብ በስብሶ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ በድልድዩ ዞሮ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩን ቀሰቀስኩት።

«ሲስተር፣ ከወንዙ ማዶ እኮ የነሱ ወረዳ ነው» አለኝ። «ነዳጁ የሚወራረደው በኛ ወረዳ ነው። ያለ ደብዳቤ ከወሰን ብወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ኃላፊውን ደወልኩ፣ አያነሳም። ወደ ማዶው ወረዳ ደወልኩ፤ የነሱ አምቡላንስ ሌላ እናት ይዞ ከተማ ሄዷል፣ ሲመለስ ይመጣል አሉኝ። ሾፌሩን ማዘዝ እችል ነበር። በስሜ ፈርሜ ልልከው እችል ነበር። አላደረግሁትም። ወደ ሰውየው ዞሬ፣ «የናንተው አምቡላንስ ይመጣል፣ ጠብቁት» አልኩት።

«የምትቀርቡን እናንተ ናችሁ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ተመልሶ ሄደ።

ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ወንዙን በእግር ተሻግሮ ሊነጋ ሲል አመጣልን። እናትየዋ ተረፈች። ወንዱ ልጅ ሲወለድ አይተነፍስም ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ሞከርኩ። አጥቤ፣ ጠቅልዬ ለአባቱ ሰጠሁት። ሲቀበለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ጠዋት መዝገቡን ስሞላ ኃላፊዬ በትከሻዬ በኩል አየና፣ «ከወረዳ ውጭ ብለሽ ጻፊው፣ የኛ አይደለም» አለኝ። ጻፍኩት። ሾፌሩን ለመክሰስ አስቤ ተውኩት፤ ያላዘዝኩትን ምን ብዬ እከሰዋለሁ? የወረዳውን ምክር ቤት ልጠይቅ አልኩ፤ ለካ እዚያ ሰፈር ስድስት ዓመት ኖሬ ተወካያችን ማን እንደሆነ ስሙን እንኳ አላውቅም። ያን ሾፌር አስቤ ያኛው ሾፌር፣ ደብተር የያዘው፣ ትዝ አለኝ። ይህን ታሪክ ለባለቤቴም አልነገርኩትም ነበር፤ እሱም አሁን ከናንተ ጋር ማንበቡ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ጓደኛችን ስልኩን ማንበቡን ቀጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው ሕገ መንግሥት የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች ቀርተው አገረ ገዥ ተሹሟል፤ የወረዳው ምክር ቤት ግን አለ፣ የዴሌጋዶው ዘመን አምስት ዓመት ሆኗል። አሁን ሙኒሲፒዮዎቹ 168 ናቸው።

«ደሴታችንስ?» አልኩት።

«እንደነበረች ናት። ልዩ።»

ሰባታችንም ዝም አልን። የሟች ትልቋ ልጅ ቡና ይዛ መጥታ፣ «በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት? እማዬም በእንቅልፏ እንዲህ ታወራ ነበር» አለችን።

ባለፈው እሑድ እኛ ሰፈር እድር ቤት ውስጥ ስብሰባ ነበር። ከወረዳው አንድ ወጣት መጥቶ፣ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ክዳኑ የጠፋውን የፍሳሽ ጉድጓድ አነሳንለት። «በቅርብ ጊዜ ይስተካከላል» አለ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ። የልጅ ልጄን ደብተር ይዤ ነበር የሄድኩት።

«ልጄ፣ ቀኑን ንገረኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ቀኑን አሁን መናገር...»

«ስልክህንና ስምህንም ጨምርልኝ።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና እስከ ሰኔ 15 አለኝ። ቁጥር 1 ብዬ ጻፍኩት።