በፋልማውዝ ወደብ የዋልንበት ቀን

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ካዩት በኋላ ግን የሚናፍቅ አገር ብዙ ነው፤ የሚናፍቀውም አብዛኛውን ጊዜ አስጐብኚ ያሳየን ሳይሆን በገዛ እግራችን ሄደን ያገኘነው ነው። ስለዚህ በጃማይካ ደሴት በሰሜኑ ዳርቻ በምትገኘው በፋልማውዝ ከተማ ከልጆቻችን ጋራ ስለ ዋልንበት ቀን ለአንባብያን ጥቂት ልንነግር ወደድን።

እኛ በአሜሪካ የምንኖር ቤተ ሰቦች ነን። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከፍሎሪዳ በመንገደኞች መርከብ ተሳፍረን ስንጓዝ መርከቡ በፋልማውዝ ከጧት እስከ ማታ ቆመ። መንገደኛው በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን መርከቡ ያዘጋጀውን ጉብኝት ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ወንዝና ወደ ፏፏቴ ሄደ፤ ሌላው ወገን በአጥሩ ውስጥ ካሉት ሱቆች ሳይወጣ ዋለ። ከተማይቱ ግን ከወደቡ በር ወጣ እንዳሉ ትጀምራለች። እኛም በእግራችን ልናያት ቈረጥን።

ብቻውን የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። መርከቡ ራሱ የላካቸውን ጐብኚዎች ይጠብቃል እንጂ በራሱ ፈቃድ የወጣውን አይጠብቅም። የመርከቡ ሰዓትና የደሴቱ ሰዓትም አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ። ስለዚህ የእጅ ሰዓታችንን በመርከቡ ሰዓት ሞልተን፥ ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን ለመመለስ ተስማማን፤ መታወቂያ፥ ውሃና ዝርዝር ገንዘብ ይዘን ወጣን።

ፋልማውዝ በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1769 ተቈረቈረች። ስሟም የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ዊልያም ትሬሎኒ ከተወለዱባት የእንግሊዝ ከተማ የተወሰደ ነው። ባሮች በአለንጋ እየተነዱ ያመረቱት ስኳርና ሮም የተባለው መጠጥ ወደ አውሮፓ ይጫንባት ነበር። በ1795 የተሠራውን የቅዱስ ጴጥሮስን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አየን፤ በ1799 ለከተማይቱ ውሃ የሚያመጣ ኩባንያ የተቋቋመበትን ዘመን የሚያስታውሰውን የውሃ አደባባይም አየን። ባርነት ከቀረ በኋላ የስኳሩ ንግድ ስለ ወደቀ ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ሌላ ወደብ ሄዱ፤ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ባለጠጋም ጠፋ። የጥንቶቹ ቤቶች ከነሰገነታቸው እስከ ዘመናችን የቈዩት በዚህ ምክንያት ነው። ድህነት ቅርስ ጠባቂ ሆኖ ማየት ያስገርማል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በዊልያም ኒብ ስም የተጠራው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ኒብ እንግሊዛዊ ሰባኪ ነበር። በ1831 መጨረሻ ባሮቹ በተነሡ ጊዜ የእርሻ ጌቶች ጸሎት ቤቱን አፈረሱበት፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ የባርነትን ክፋት በ1832 በፓርላማው ሸንጎ ፊት መሰከረ። ሕጉ በ1834 ቢጸናም፥ ባሮቹ «ለማጆች» ተብለው ለጌቶቻቸው መሥራታቸው እስከ 1838 አልቀረም። በዚያ ዓመት ሐምሌ 31 ቀን ሌሊት ሕዝቡ በዚህ ስፍራ ተሰብስቦ ሰንሰለትን፥ አለንጋንና የአንገት ብረትን በሬሳ ሣጥን አድርጎ ቀበረ። የዐሥር ዓመት ልጃችን ይህን በሰማች ጊዜ «ለማስታወሻ ማስቀመጥ ሲቻል ለምን ቀበሩት?» ብላ ጠየቀች። እኛ መልስ ስንፈልግ፥ ግቢውን ይጠርጉ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ልጄ፥ የሞተ ይቀበራል» አሏት።

ወደ ገበያው ስንደርስ አንዲት የቡና ሻጭ ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን። «ከኢትዮጵያ» ባልን ጊዜ የእጃቸውን ሥራ ትተው ተነሡ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ አባታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሕዝብ መካከል እንደ ነበሩ ነገሩን። በ1970 ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ አገር አገልግሎት መጀመሯንም ያውቁ ነበር። እኛም ቡና ወደ ጃማይካ የገባው በ1728 እንደ ሆነ፥ የጥንት መገኛው ግን አገራችን መሆኗን ስንነግራቸው ሳቁና «እንግዲያስ የራሳችሁን ዕቃ ነው የምሸጥላችሁ» አሉ። በዚሁ አውራጃ የተወለደውን ዩሴን ቦልትን አንሥተው፥ እናንተ ረጅሙን እኛ አጭሩን እንሮጣለን ብለው ለልጆቹ ቀለዱላቸው።

ትልቁ ልጃችን ትምህርት ቤት ውስጥ የአገሩን ስም መናገር የሚያፍር ነበር። በዚያ ቀን ግን ስሙን ሰምተው የሚደሰቱ ሰዎችን በዐይኑ አየ። እኛ ግን ደስታችን ከፍርሃት ጋራ ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ የተከበረ ስም የተሸከመ ሰው፥ ስሙን የሚመስል ጠባይ ሊኖረው ይገባልና።

ሴትዮዋ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። መርከቡ ከደጃቸው ቆሞ ሳለ ከመንገደኛው ብዙው ከበሩ አይወጣም፤ ገንዘቡም ከአጥሩ ውስጥ ይቀራል። ከጉብኝታችን በኋላም በጥቅምት ወር 2025 ሜሊሳ የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ምዕራቡን ጃማይካ እጅግ ስለ ጐዳ፥ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የወደቡንና የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች፥ ከልጆቻችሁ ጋራ ወደ ባዕድ ወደብ ብትደርሱ በቀን ብርሃን በዋናው መንገድ ሂዱ፤ ያገኛችሁትን ሰው አስቀድማችሁ ሰላም በሉ፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ የምትገዙትንም ከአገሬው እጅ ግዙ። ልጆቻችሁ የባሕሩን ውሃ ቀለም ይረሱት ይሆናል፤ እንግዳ ሆነው የተቀበላቸውን ሰው ፊት ግን አይረሱም።