«ማታ ይመጣል»

ማራኪ ላይ ቤት ልንገዛ ከደላላ ጋር ዞርን። እሱ ሳሎኑን ያሳየናል፤ እኛ ቧንቧውን እንከፍታለን። ፉፉፉ... ዝም! «ማታ ይመጣል» አለን። የትኛው ማታ?

ለጎንደር ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው፤ መገጭንም ለዓመታት ጠብቀነዋል። በጥምቀት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ሲሞላ እንደምንቀና አንደብቃችሁም።

ሰርቪሶቹን ለተማሪ አከራይተን ብድራችንን ልንከፍል ነበር ሐሳባችን። ተከራይዋን ግን ዕቃዋን ስትሸክፍ አገኘናት። «ኪራዩስ ይቻል ነበር፤ ያስወጣኝ ጄሪካኑ ነው» አለችን። ባለ 20 ሊትሩን፣ በየቀኑ፣ እየገዛች። ሮቶ እንትከል ብለን ተከራከርን። ሮቶውንስ ምን ይሞላዋል?

ቀብዱን ሳንከፍል ተመለስን። ደላላው ዛሬም ይደውላል፦ «ኑ እንጂ፣ መጥቷል እኮ!»